አንድ አንድ ፍሬ ሽንሌ

ጠዋት ጠዋት በሩ እጅ ያያል። የግቢው ሰው ተራ ይይዛል፤ ሁለት እጁን አንስቶ መዳፉን ያሳያል፣ ይገለብጠዋል፣ ፊቱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዞራል። አዲስ ጭረት ከሌለበት በሩ ይከፈታል። ካለበት አይከፈትም፤ ቁስለኛ ተለይቶ የሚዘጋበትን የቁስል ቤቱን መኪና ራሱ ይጠራል። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ መምጣቷ የሚታወቀው የጎረቤት መስኮት ሲዘጋ ነው። ልጆች እጅ ማሳየቱን ጨዋታ አድርገውታል፤ አንዳንዶቹ ለበሩ ምላሳቸውን ያወጡለታል። ትልልቆቹ ግን እስኪከፈት ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ፤ ሲከፈት አንዱ «አልሐምዱሊላህ»፣ ሌላው «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

ድሬዳዋ ከተለወጠች ቆየች። የቁልቋል አጥር የሚባል ነገር ተነቅሎ አልቋል። ቢላዋ ያለው በቀበሌው ወጥ ቤት ብቻ ነው፤ ሽንኩርቱ ተከትፎ፣ ሥጋው ተዘልዝሎ በከረጢት ይመጣል። ምላጭ ይዞ የተገኘ ስለሚታሰር የከተማው ወንድ ሁሉ ጺሙን ለቋል፤ ወጣቱም ሽማግሌ ይመስላል። ሙሽሮች ቀለበት የሚያጠልቁት በጓንት ላይ ነው። ኳስ የሚጫወት ልጅ የለም፤ ሳይወድቁ ኳስ የለማ። ሰላምታ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ራስን ዝቅ ማድረግ ነው፤ መሳም ቀርቷል። እናት እንኳ ልጇን የምትስመው በሻሽ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ ድሬዎች ችለውታል። ያልቻሉት የሳህኑን ነገር ነው። በዚህ ከተማ በአንድ ግቢ ብዙ ቤተሰብ ተጋፍቶ ይኖራል፤ አንዱ ቤት ድስት ከወረደ ለየበሩ አንድ አንድ ጭልፋ ሳይደርስ መብላት ነውር ነበር። ሳህን ከቤት ቤት ማሳለፍ ሲከለከል ሰው በሩን ዘግቶ መብላት ጀመረ። ዘግቶም አልጣመውም። የሰረቀ ይመስል እየተሳቀቀ ነው የሚጎርሰው።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካሉት ግቢዎች በአንዱ ዶክተር ኢክራም ቡሽራ ከልጇ ከሂባ ጋር ትኖራለች። የተማረችው ማይክሮባዮሎጂ ነው። ስለ ባክቴሪያ ስታወራ ስለ ክፉ ጎረቤት የምታወራ ይመስላል፤ ጠባዩን፣ መግቢያ መውጫውን፣ የሚያናድደውን ሁሉ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ጣጣ በማን ምክንያት እንደመጣ ሲጠይቋት ትቆጣለች። «በአያቶቻችን ነዋ!» ትላለች። «አንቲባዮቲኩን እንደ ቆሎ ቃሙት። ለጉንፋኑም፣ ለድካሙም፣ ለዶሮውም፣ ለበጉም። ትንሽ ሲሻላቸው ያቋርጡታል፤ የተረፈውን ለሚቀጥለው ሕመም ብለው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ባክቴሪያውን አልገደሉትም፤ አስተማሩት።» ባሏ ሙባረክ የሞተው በጥርስ ነው። ድሮ በጥርስ የሞተ ሰው ቢኖር ጉድ ይባል ነበር አሉ። እሱ ሲሞት ማንም ጉድ አላለም።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን የፈጀችው አፈር ስትመረምር ነው። ከሽንሌ መንገድ ዳር ባመጣችው አፈር ውስጥ ማንም አይቷት የማያውቅ ረቂቅ ነፍስ ተገኘች፤ የምታመነጨው ነገር ከሌሎቹ መድኃኒቶች ሁሉ ያመለጠውን ባክቴሪያ ይገድላል። መድኃኒቱ ሲሠራ ረጅም ስምና ቁጥር ወጣለት፤ ድሬ ግን «ሽንሌ» አለችውና በዚያው ጸደቀ። ገና ለሕዝብ አልታደለም። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ይሞከራል፤ ክረምቱ ሲያልፍ በየቁስል ቤቱ ይገባል ተብሏል። ከተማው በሙሉ መስከረምን እየጠበቀ ነው።

በድሬዳዋ የመጀመሪያውን ሽንሌ የዋጠው የኢክራም ጎረቤት ታዲዮስ ነው። ታዲዮስ ምላጭ ከመከልከሉ በፊት ጸጉር አስተካካይ ነበር፤ አሁን አርጅቶ ከግቢው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ የመጣ የሄደውን ይተርባል። ሚያዝያ ላይ አሮጌ ሚስማር ወጋውና እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቆረ። ኢክራም ኃላፊዎቿን ለምና መድኃኒቱ ከሚሞከርባቸው ሰዎች መሃል አስገባችው። በሁለት ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ቁስል ቤቱ አልጋ ስለጠበበው የቀረውን መድኃኒት አስይዞ ወደ ቤቱ ላከው። ታዲዮስ በገዛ እግሩ በበሩ ሲገባ ግቢው እልል አለ፤ ከቁስል ቤት የተመለሰ ሰው አይተው አያውቁማ። ኢክራም ግን ከእልልታው መሃል ጣቷን ቀስራ አስጠነቀቀችው።

«የቀረውን እስከ መጨረሻው ነው፣ ታዴ። አንድም እንዳታስቀር!»

«ቁልቢ ገብርኤልን! አንድም አላስቀርም» ብሎ ማለላት።

ሰኔ ውስጥ አንድ ጠዋት እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው የፈጅርን ሶላት ይሰግዱ ነበር። ሱጁድ ላይ ኢክራም ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አድርጋ የልጇን መውረድ ብትጠብቅ ሂባ ቶሎ አልወረደችም። በጎን ስታያት ቀኝ እግሯን ወደ ኋላ ዘርግታ፣ በክንዷ ተደግፋ፣ ግንባሯን መሬት ለማድረስ ትታገላለች። ጉልበቷን አላጠፈችም። ኢክራም ሶላቱን አላቋረጠችም፤ ምን እንደምትቀራ ግን አታውቀውም ነበር። እንዳለቀ የልጇን ቀሚስ ገለጠች።

ጉልበቷ አብጦ ቆዳው ተወጥሯል። ከቅርፊቱ ሥር መግል ቋጥሯል፤ ዙሪያው ቀልቶ ቅላቱ ወደ ጭኗ መውጣት ጀምሯል። እጇን ሳታሳርፍበት ሙቀቱ ተሰማት።

«መቼ ነው የወደቅሽው?»

«ቆየ። ድኖ ነበር እኮ፣ ኡሚ። ተመልሶ መጣ እንጂ።»

«በሩስ እንዴት አሳለፈሽ?»

«በሩ ጉልበት አያይም።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ? እኔ እኮ ሥራዬ ይሄ ነው!»

ሂባ ቀሚሷን ወደ ታች ጎተተች። «መኪናውን ትጠሪያለሽ ብዬ ነዋ።»

ኢክራም አፈረች፤ እውነት ነበርና። ቁስል ያየ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅ የሚያዘውን ደንብ ካረቀቁት አንዷ እሷ ናት። ቁስል ቤት የገባ ልጅን ወላጁ የሚያየው በመስታወት ነው፤ የሆነ ቀን ላይ ከመስታወቱ ወዲያ መጋረጃ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ የለም። የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጠርታ ነበር። የራሷ ሲሆን እጇ አልታዘዝ አላት።

«አትፍሪ» አለቻት። «አሁን ሽንሌ አለ። ታዴን አላየሽውም እንዴ? እንደ እሱ ትድኛለሽ።» ይህን ስትል ከልቧ ነበር። መጀመሪያ ግን ባክቴሪያውን ማየት አለባት። ጥጥ በተጠቀለለበት ቀጭን ዘንግ ከመግሉ ወሰደች፤ ልጅቱን አስተኛቻት፤ ለጎረቤቷ ለአዴ መገርቱ «ሂባን አደራ፣ ሆዷን አሟታል» ብላ ወጣች። አዴ መገርቱ የራሷ ልጅ የላትም፤ የግቢውን ልጆች በሙሉ ያሳደገችው ግን እሷ ናት። ሆዷን ነው ሲሏት አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው።

የላቦራቶሪው ሥራ ከጥንት ብዙ አልተለወጠም። ባክቴሪያው በሳህን ላይ ይቀባል፤ መድኃኒት የጠጡ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች በላዩ ይደረደራሉ። መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጠራ ያለ ቀለበት ይታያል። የማይሠራ ከሆነ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ጥግ ይበቅላል። ድሮ አንድ ሌሊት ይጠበቅ ነበር፤ አሁን ከጠዋት እስከ ምሳ ይበቃል። ኢክራም ለማመሳከሪያ ብላ ሚያዝያ ላይ ከታዲዮስ እግር የተወሰደውን ባክቴሪያ ከማቀዝቀዣው አውጥታ በሌላ ሳህን ቀባች፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠች። ያን ግማሽ ቀን በምን እንዳሳለፈችው አታስታውስም። እጇን ደጋግማ ስትታጠብ ነበር፤ የሥራ ባልደረቦቿ ያዩት ይህን ብቻ ነው።

ሳህኖቹን ስታወጣ የአሮጌዎቹን መድኃኒቶች ወረቀት አልተመለከተችም። ከእነሱ የምትጠብቀው ነገር የለም። ዓይኗ በቀጥታ ወደ ሽንሌ ሄደ።

በታዲዮስ ሳህን ላይ ሰፊ፣ የጠራ ቀለበት አለ። በልጇ ሳህን ላይ ምንም የለም። ባክቴሪያው እስከ ወረቀቱ ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል፤ ወረቀቱንም እንደ ተራ ወረቀት ቆጥሮታል።

መድኃኒቱ ደህና ነው ማለት ነው። ዘራቸውን ብታስተያይ ሁለቱ ባክቴሪያዎች አንድ ሆነው አገኘቻቸው። ሂባ ጉልበት ውስጥ ያለው ከታዲዮስ እግር የመጣው ነው፤ ልዩነቱ፣ አሁን ሽንሌን ያውቀዋል። ሽንሌን የሚያውቀው ደግሞ ሽንሌ ውስጥ ከኖረ ነው፤ ሊገድለው በማይበቃ ትንሽ ሽንሌ ውስጥ። ለልጇ ግን ሽንሌ የሰጣት የለም። ኢክራም ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ልትናገረው የሚያሳፍራት ነገር፣ መጀመሪያ የታሰባት ልጇ አልነበረችም፤ መስከረም ነበር። ይህ ባክቴሪያ ከግቢያቸው በር ከወጣ ሽንሌ ሳይታደል አለቀ፤ ሌላ መድኃኒት ደግሞ የለም። ከዚያ ልጇን አሰበችና አለቀሰች።

ስትወጣ የላቦራቶሪው ጥበቃ፣ ሆዷ የገፋ ወጣት ሴት፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላም አለቻት። እናቷን ያጣችው ስትወለድ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል።

«ዶክተር፣ የምወልደው መስከረም መጀመሪያ ነው። ሽንሌ ይደርስልኛል አይደል?»

«ኢንሻአላህ» አለች ኢክራም። የሰኔ ፀሐይ አናቷን እየበሳት፣ በደረቀው የደቻቱ አሸዋ ላይ እየሮጠች ተሻገረች።

ታዲዮስ ከኒሙ ሥር ነበር። «ምነው እንዲህ ሩጫ፣ ኢኩ? ባቡር አመለጠሽ?» አላት።

«ታዴ፣ ሽንሌውን ጨርሰኸዋል?» በድሬ ሽማግሌም አንተ ነው የሚባለው።

«አንድም አላስቀረሁ አቦ! ገብርኤል ምስክሬ ነው።»

«ሁሉንም የዋጥከው አንተ ነህ?»

ታዲዮስ ጺሙን አሸት አሸት አደረገ። «እኔማ በሁለት ቀን ዳንኩ። የዳነ ሰው መድኃኒት ምን ያደርግለታል? የተረፈውን ለየበሩ አንድ አንድ ፍሬ አዳረስኩ።» ፊቷን ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምን አጠፋሁ? በየራሱ ሽፋን የታሸገ፣ እጅ ያልነካው ነው። ሳህን ከለከላችሁን፣ ጉርሻ ከለከላችሁን። ይሄ እንኳ ንጹሕ ነው፣ ይሄንን ማን ይከለክለኛል ብዬ ነው። ሁሉም ቤት ልጅ አለ። ብቻዬን ልብላው እንዴ?»

ልትሰድበው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ እሷም ልጅ ሳለች ከእሱ ቤት የመጣ ስንት ሳህን በልታለች። «አንድ ፍሬ አይገድለውም፣ ታዴ» አለችው ቀስ ብላ። «አንድ ፍሬ ያስተምረዋል። ሂባ ቁስል ይዛለች። ሽንሌ አይሠራላትም።»

ታዲዮስ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ሁለት እጁን አንስቶ ራሱ ላይ ጫነ።

«ለሂባ የሰጠኋት እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አዴ መገርቱ በሯ ላይ ቆማለች። «ጉልበቷ ተልጦ እያለቀሰች መጣች። የእኔን ፍሬ ሰጠኋት። ወላሂ፣ በሦስተኛው ቀን ድና ትዘል ነበር! ለኡሚ አትንገሪ ብላ አስማለችኝ። ብነግርሽ ለቁስል ቤት ትሰጪያታለሽ።»

«ሌሎቻችሁስ?» አለች ኢክራም። ሰዉ ከየበሩ እየወጣ ነበር። አንዷ ጥርሷን ሲያማት ውጣዋለች። አንዱ ምንም ሳይሆን፣ ለጥንቃቄ ብሎ ውጦታል። አንዷ በውሃ በጥብጣ ለመንታዎቿ አካፍላለች። የቀሩት ለክፉ ቀን ብለው ደብቀውታል። ሲናገሩ አላፈሩም፤ ይልቁን ማን ለማን እንደሰጠ ሲያወሩ ፊታቸው ይፈካ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ እርስ በርስ የተሰጣጡት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ከውስጥ ሂባ ታቃስታለች። ኢክራም ገብታ አየቻት። ቅላቱ ከጭኗ እኩሌታ አልፏል፤ ልጅቱ በትኩሳት ዓይኗ ደፍርሷል። ቁስል ቤት እግሯን ይቆርጡት ይሆናል፤ የመቁረጡን ቁስል ደግሞ ያው ባክቴሪያ ይጠብቀዋል። እቤት ብትቀር ግን ሞቷ የማይቀር ነው፤ ሬሳዋን የሚያጥብም ሰው አለ፤ እሱም ባክቴሪያውን ይዞ ይወጣል። ኢክራም ልጇ አጠገብ ተቀምጣ መኪናውን ጠራች። ሂባ ሰማቻት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

መኪናዋ እስክትመጣ ግቢውን ኒሙ ሥር ሰብስባ ሳታለባብስ ነገረቻቸው። «ሽንሌ ከእንግዲህ እኛን አያድነንም። ይሄ ባክቴሪያ ሁላችሁም ላይ ሊኖር ይችላል፤ ቆዳችሁ ላይ፣ አፍንጫችሁ ውስጥ፣ ሳያማችሁ። ሂባን ቁስሏ አጋለጣት እንጂ ከእናንተ የተለየ ነገር የለባትም። ከአሁን ጀምሮ ከዚህ በር የሚወጣ የለም፤ የሚገባም የለም። ከወጣ ድሬ አለቀች። ገባችሁ?»

አንድ በአንድ ወደየቤታቸው ገቡ። ኢክራም ፈርተው የሸሹ መሰላት፤ አልፈረደችባቸውም። ሂባን በአንሶላ ጠቅልላ፣ ደግፋ ወደ ግቢው ስታወጣት ግን ሁሉም ተመልሰው ቆመዋል። ያልተዋጡትን ፍሬዎች ይዘው ነው የወጡት። እየመጡ እጇ ላይ አስቀመጡላት።

«አይሠራላትም አልኳችሁ እኮ!»

«ቢሆንም ያዢው አቦ» አለች የመንታዎቹ እናት። «ለልጅ ባዶ እጅ አይወጣም።»

ይሄኔ በሩ ለመኪናዋ ተከፈተ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ወርደው የኋላውን መዝጊያ ከፈቱና ቆመው ጠበቁ።

አዴ መገርቱ ወደ ልጅቱ ቀረበች። «ሁላችንም ላይ ሊኖር ይችላል አላልሽም?» አለቻት ኢክራምን።

«ብያለሁ።»

«እኔም ላይ?»

«አንቺም ላይ።»

«ታዲያ ከእሷ ምን ይይዘኛል?»

ሴትዮዋ ያለችው ልክ ነው፤ ኢክራም ስህተት ብትፈልግለት አጣች። አዴ መገርቱ ጎንበስ ብላ ልጅቱን ሳመቻት። ያለ ሻሽ፣ በባዶ ከንፈሯ፣ አንዱን ጉንጯን፣ ሌላውን፣ ተመልሳ የመጀመሪያውን። ሂባ ደነገጠች፤ በባዶ ከንፈር ተስማ አታውቅማ። ከዚያ ሳቀች። በዚያ ሁሉ ትኩሳት መሃል፣ ኮርኩረዋት ይመስል፣ ትከሻዋን ሰብስባ ሳቀች። ታዲዮስ በጺሙ እያሻሻት፣ እያለቀሰ ሳማት። የመንታዎቹ እናት መንታዎቿን አስከትላ መጣች። ሰዉ ተሰለፈ። ኢክራም ማስቆም እንዳለባት ታውቃለች፤ የልጇ ሳቅ ግን ያዛት። ትንሽ ትሳቅ ብላ ተወቻቸው።

ያም ብዙ አልቆየም። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ አንዲት የግቢው ያልሆነች ሴት አየች። ከወዲያኛው ግቢ ፎዚያ ናት፤ በየማለዳው የሰፈሩን ዳቦ የምታድለው ፎዚያ። በተከፈተው በር ገብታ፣ ሰዉ ሲሳሳም አይታ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ተራ ይዛለች። ከኋላዋ ሌላ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያያል። የመኪናዋ ሰዎች ሰው ሲሸሻቸው እንጂ ሲመጣባቸው አይተው ስለማያውቁ ፈዘው ቆመዋል።

«ውጪ! ፎዚያ ውጪ! አትቅረቡ! እባካችሁ አትቅረቡ!» ብላ ጮኸች ኢክራም። ድምፅ እስኪዘጋት፣ ልጇን ሸፍና፣ ደግማ ደጋግማ ጮኸች።

ጩኸቷ በአጥሩ ላይ አልፎ መንገዱን ተሻገረ። ከዚያ ማዶ ቃሉ አይለይም፤ የሚሰማው የእናት ኡኡታ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ለበሽታ በሩን መዝጋት ተምሯል። ለኡኡታ መዝጋት ግን አልተማረም። መስኮቶች ተከፈቱ። ከየግቢው እጃቸውን ዘርግተው፣ «አይዞሽ! አይዞሽ፣ መጣን!» እያሉ ሮጡላት።